የግድግዳ ፎቶ ስንት በስንት? የቆቦና የራያ ቆላ ፎቶ ነጋዴ የመጠንና የወረቀት ምርጫ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴና በወልዲያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቆቦን አቋርጦ ያልፋል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ከተራሮቹ ማዶ የአፋር ምድር፣ በመካከሉ ደግሞ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊው የራያ ሜዳ ይገኛል። ከዚህ ሜዳ ወደ ከተማዋ የሚመጣ ገበያተኛ እህሉንና ከብቱን ሸጦ ሲያበቃ ዘይት፣ ጨውና ልብስ ብቻ ገዝቶ አይመለስም። አንዳንዱ ፎቶ ቤት ጎራ ይላል።

የሚያቀርበውም ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ስልኩን አውጥቶ ከሳውዲ አረቢያ የተላከለትን የልጁን ምስል ያሳይና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አድርጋችሁ በትልቁ አውጡልኝ ይላል። ትልቅ ማለት ስንት በስንት እንደሆነ አይናገርም። በምን ዓይነት ወረቀት፣ በመስታወት ወይስ ያለ መስታወት የሚለውን ሁሉ ለባለፎቶ ቤቱ ይተወዋል።

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ያልመለሰ ነጋዴ ደንበኛው ፊት ቆሞ መገመት ይጀምራል። ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ አገር በምንዛሪ የሚገቡ በመሆናቸው የግምት ስህተት በቀጥታ ከትርፍ ላይ ይቆረጣል። ለደንበኛው ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር፣ ልጁ እስኪመለስ ድረስ በቤቱ የሚኖረው መልክ ያው የታተመው አንድ ፎቶ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከጉርድ ወደ ግድግዳ

ለብዙ ዘመን የአነስተኛ ከተማ ፎቶ ቤት የዕለት እንጀራ ጉርድ ፎቶ ነበር። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻና ለልዩ ልዩ ቅጽ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ያስፈልጋል። ይህ ገበያ ዛሬም አልሞተም፤ ነገር ግን መሠረቱ እየሳሳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የተሰኘው ዲጂታል መታወቂያ የተመዝጋቢውን ፊት የሚያነሳው በምዝገባ ጣቢያው በራሱ ካሜራ ነው። የፓስፖርት አመልካችም ፎቶው የሚነሳው በአገልግሎት መስጫው ነው። በሌላ በኩል ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል። በአጭሩ የማንሳት ሥራ ከባለሙያው እጅ እየወጣ ሲሆን ለፎቶ ቤቱ የሚቀረው የማተም ሥራ ነው፤ በድሮው አነጋገር «ማሳጠብ» የሚባለው።

ስልክ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። የጥር ሠርግ፣ የሰኔና የሐምሌ ምረቃ፣ ዒድና ፋሲካ፣ በራያ ቆቦ ልጃገረዶች ተሸልመው ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚያከብሩት ሶለል፣ ሁሉም ምስል ያፈራሉ። ከዚህም ሌላ የአካባቢው ወጣት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሰደድ በመሆኑ የቀረው ቤተሰብ የሄደውን ልጅ መልክ ይሻል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ሲያዳርስ ንብረታቸውን ያጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከቤት ንብረት ጋር የጠፋ አልበም ደግሞ በገንዘብ አይተካም። ከመታወቂያ ላይ የቀረች አንዲት ጉርድ አምጥቶ የሟች ዘመዱን መልክ ለማስጎላት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ገበያ ውስጥ የሚቆጠር ነው።

መጠን ራሱ ገበያ ይሠራል

የኅትመት መጠንን መወሰን የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። የንግዱ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በፓሪስ ዲስዴሪ የተባለ ፎቶ አንሺ በአንድ ሳህን ላይ በርካታ ትናንሽ ምስሎችን የሚያነሳበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ምስሎቹ ከስም ካርድ ያልበለጠ አንድ ወጥ መጠን ነበራቸው። መጠኑ አንድ ወጥ በመሆኑ የአንዱ ዋጋ ወረደ፤ የሚለጠፍበት ካርቶንና የሚቀመጥበት አልበምም በዚያው ልክ በብዛት ተሠራ። ባለጸጋ ብቻ የሚገዛው ዕቃ የብዙኃን ሸቀጥ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በአገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሥራውን የወረሱት ልጆቹ የሚታወሱት በነገሥታትና በመኳንንት ምስል ነው። ሥራው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በየከተማው የፎቶ ቤት ንግድ የሆነው የታወቀ መጠንና የታወቀ ዋጋ ሲይዝ ነው። ጉርድ ስንት በስንት እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ መገዛቱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የግድግዳ ፎቶ ግን እስካሁን እንዲህ ያለ መደበኛ መጠን አላገኘም።

3 በ4 ወይስ 2 በ3?

ማንኛውም ፎቶ የወርድና የቁመት ምጣኔ አለው። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበው የላይካ ካሜራ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነውን የፊልም መጠን ስላስለመደ የዛሬዎቹም ትልልቅ የባለሙያ ካሜራዎች ምጣኔ 2 በ3 ነው። የዚህ ቤተሰብ መጠኖች 10 በ15፣ 20 በ30፣ 30 በ45 እና 40 በ60 ሳንቲ ሜትር ናቸው። የአብዛኛው ስልክ ካሜራ ግን ምጣኔው 3 በ4 ነው። የዚህኛው ቤተሰብ አባላት ደግሞ 15 በ20፣ 18 በ24፣ 30 በ40 እና 45 በ60 ናቸው።

ምስሉ ከአንዱ ቤተሰብ፣ ፍሬሙ ከሌላው ሲሆን ልዩነቱ ተቆርጦ ይወድቃል። የስልክ ፎቶ 20 በ30 ፍሬም ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ የምስሉ 1/9ኛ ከጎን ይቀራል። የካሜራ ፎቶ 30 በ40 ሲደረግም እንዲሁ 1/9ኛው ይሄዳል፤ ቆሞ የተነሳ ሰው ከሆነ ወይ ከራሱ ወይ ከጫማው መሆኑ ነው። ሙሉ የስልክ ስክሪን በሚሞላው 9 በ16 የተነሳ ምስል 3 በ4 ሲሆን ደግሞ ሩቡ ይጠፋል። ከዳር የቆመ ወንድም ወይም እህት ያለበት የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ ይህ ሩብ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የቆቦው ነጋዴ ማየት ያለበት ወደ ሱቁ የሚመጣው ምስል ከየት እንደሚመጣ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከስልክ ነው። ለማጎላት የምትመጣው ጉርድም 3 በ4 ናት። ጉርዷን በአምስት እጥፍ ብናሳድጋት 15 በ20፣ በአሥር እጥፍ 30 በ40 ትሆናለች፤ ምንም የሚቆረጥ የለም። ስለዚህ ለዚህ ገበያ ዋናው ቤተሰብ 3 በ4 ነው። ለጠረጴዛና ለስጦታ 15 በ20፣ ለግድግዳ 30 በ40 ቢወሰን የአብዛኛው ደንበኛ ጥያቄ ይመለሳል። የሠርግ ባለሙያ በካሜራ ያነሳው ፎቶ ሲመጣ ደግሞ 20 በ30 በትእዛዝ ሊጨመር ይችላል።

ወረቀቱን ማብቃቃት

ሌላው ጥያቄ ምርጫው በገበያ ካለው ወረቀት ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ነው። አነስተኛ ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙበት የፎቶ ወረቀት በብዛት የሚገኘው በኤ 4 እና በኤ 3 ነው። ኤ 4 ማለት 21 በ29.7፣ ኤ 3 ደግሞ 29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከአንድ ኤ 3 ወረቀት 29.7 በ39.6 የሆነ ምስል ይወጣል። ይህ በትክክል 3 በ4 ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር የጎደለው 3 ሚሊ ሜትር የፍሬሙ ከንፈር ከሚሸፍነው ጠርዝ ውስጥ ስለሚገባ አይታይም። ከአንድ ኤ 4 ደግሞ 14.85 በ19.8 የሆኑ ሁለት ፎቶዎች ይወጣሉ። በሁለቱም የሚጣለው የወረቀቱ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ በየሱቁ የሚሸጠውን 20 በ25 ፍሬም ለመሙላት ኤ 4 የሚቆርጥ ሰው የወረቀቱን 20 በመቶ ያህል ይጥላል። 30 በ45 ደግሞ ከኤ 3 ላይ ጭራሽ አይወጣም፤ ከፍ ያለ ወረቀትና ከፍ ያለ ማተሚያ ይጠይቃል።

መጠን በእጥፍ ሲያድግ ወጪው በእጥፍ አለማደጉም መዘንጋት የለበትም። 15 በ20 ስፋቱ 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር ሲሆን 30 በ40 ግን 1,200 ነው። ጎኑ ሁለት እጥፍ ሲሆን ወረቀቱና ቀለሙ አራት እጥፍ ይሆናሉ። ትልቁን ፎቶ በትንሹ ዋጋ ሁለት እጥፍ የሚሸጥ ነጋዴ እየከሰረ መሆኑን የሚያውቀው ቀለሙ ሲያልቅ ነው።

ምስሉ በመንገድ ሲከሳ

አንድ ባለ 12 ሜጋ ፒክስል ስልክ የሚያነሳው ምስል በአንዱ ጎን 4,000፣ በሌላው 3,000 ያህል ነጥብ አለው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢመደብ ይህ ምስል እስከ 25 በ34 ሳንቲ ሜትር ጥርት ብሎ ይታተማል። ለግድግዳ ፎቶ ግን ተመልካቹ ራቅ ብሎ ስለሚያየው 150 ነጥብም ይበቃል፤ ያን ጊዜ 30 በ40 ያለ ችግር ይወጣል።

ችግሩ ያለው አላላኩ ላይ ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል መተግበሪያው ስለሚያሳንሰው ብዙ ጊዜ ከረጅሙ ጎኑ 1,280 ወይም 1,600 ገደማ ነጥብ ብቻ ይዞ ይደርሳል። 1,280 ነጥብ በ150 ሲካፈል 22 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ይህን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚለጥጥ ባለሙያ የደበዘዘ ፊት ያስረክባል። መፍትሔው ወጪ የለውም። ላኪው ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልከው ማድረግ ብቻ ነው። ይህ ካልተቻለ 15 በ20 እንዲያዝ መምከር ይሻላል። ትልቅ ሸጦ ቅሬታ ከመቀበል አነስተኛ ሸጦ ደንበኛ ማትረፍ ያዋጣል።

ለጉርድ ማጎላትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። ስካነሩ የቱንም ያህል ከፍ ቢደረግ ወረቀቷ ላይ ከሌለ ዝርዝር አይፈጥርም። በኮምፒዩተር የሚታከል የፊት ዝርዝር ደግሞ የሟቹን መልክ ወደ ሌላ ሰው ሊለውጠው ስለሚችል ከማስረከብ በፊት በትንሹ አትሞ ለቤተሰቡ ማሳየት ተገቢ ነው።

ፀሐይ፣ አቧራና ጭስ

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ሜዳው አቧራማ፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው። በገጠሩ ቤት ደግሞ የማጀት ጭስ ይጨመርበታል። የአዲስ አበባ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚቆይ ፎቶ እዚህ ላይቆይ ይችላል።

በርካሽ የሚሸጠው አንጸባራቂ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ተራ ወረቀት ላይ ቅባት የተደረገበት ነው። ሻል ያለው ግን በሁለቱም ገጽ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሬዚን ኮትድ የሚባለው ነው። ለመለየት ከጥራጊው ጀርባ ላይ የውኃ ጠብታ ማድረግ ይበቃል፤ ጀርባው ውኃውን ከመጠጠ ፕላስቲክ የለውም። ከሚያንጸባርቀው ይልቅ ደብዘዝ ያለው ማት ወይም ሉስተር ገጽታ ለዚህ ገበያ ይመቻል። የጣት አሻራ አይዝም፣ በበሩ የሚገባውን ብርሃን አይመልስም።

የቀለሙ ምርጫም እንዲሁ ነው። በአነስተኛ ፎቶ ቤቶች የሚሠራባቸው ባለ ቀለም ገንዳ ማተሚያዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ዳይ የሚባለውን የሟሟ ቀለም ነው። ይህ ቀለም ደማቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ውኃ ሲነካው ይፈስሳል፣ በብርሃንና ባልተሸፈነ አየር ቶሎ ይደበዝዛል። ፒግመንት የተባለው በደቃቅ ብናኝ የተሠራ ቀለም የበለጠ ዕድሜ አለው። ሆኖም ለዳይ በተሠራ ማተሚያ ውስጥ ፒግመንት መሙላት የማሽኑን አፍ ሊደፍን ስለሚችል ቀለሙ የሚመረጠው ማሽኑ ሲገዛ ነው። ዳይ ያለው ነጋዴ ግድግዳ ላይ የሚውለውን ሁሉ በመስታወት ወይም በላሚኔሽን ሸፍኖ ማስረከብ ይኖርበታል። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀልም መናገር የሽያጩ አካል ነው።

መስታወት ፎቶውን ከአቧራና ከጭስ ይጠብቃል። ነገር ግን ገጹ መስታወቱን ከነካ እርጥበት ሲገባ ይጣበቃል፤ ለማላቀቅ ሲሞከርም ይላጣል። በመካከላቸው ስስ የካርቶን ጠርዝ ማስገባት ይህን ያስቀራል። ክብደቱም መታሰብ አለበት። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የ30 በ40 መስታወት 600 ግራም ያህል ሲመዝን የ45 በ60ው ከ1.3 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። በጭቃ በተመረገ ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር ይህን ሁሉ ላይሸከም ይችላል። ደንበኛውም በባጃጅና በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ገጠር የሚመለስ ነው። በዚህ ምክንያት ከ30 በ40 በላይ ለሚጠይቅ ሰው መስታወት የሌለውን ካንቫስ ማቅረብ ይመረጣል። እንጨት ላይ የሚለጠፈው ኤምዲኤፍ ያምራል፤ ግን ይከብዳል፣ ምስጥ ባለበትም ቤት አይመከርም። በካሬ ሜትር የሚሸጠው ባነር ለድንኳንና ለአደባባይ እንጂ ለሳሎን የሚሆን አይደለም።

የ15 ዓይነት ክምችት ዋጋ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ58 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አልፏል። ወረቀትና ቀለም ይህንኑ ተከትለው የሚወጡ ዕቃዎች ናቸው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲያቋርጥ ደግሞ ዕቃ በተፈለገ ጊዜ አይደርስም። በዚህ ላይ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ለስሌት ያህል የአንድ እሽግ ወረቀት አማካይ ዋጋ 1,000 ብር ነው እንበል። አምስት መጠን በሦስት ዓይነት ገጽታ የሚያቀርብ ነጋዴ 15 ዓይነት ወረቀት መያዝ አለበት፤ ከየዓይነቱ አንድ እሽግ ብቻ ቢገዛ 15,000 ብሩ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ኤ 3 እና ኤ 4ን በአንድ ገጽታ ብቻ የሚይዘው ግን ከየዓይነቱ ሁለት እሽግ፣ አንዱን ለሥራ አንዱን ለመጠባበቂያ፣ ቢያስቀምጥ 4,000 ብር ይበቃዋል። የተረፈው 11,000 ብር ፍሬምና ቀለም ይሆናል። መንገድ ቢዘጋም ሥራው አይቆምም።

ብክነቱንም በዚሁ መንገድ ማስላት ይቻላል። የአንድ 30 በ40 ወረቀትና ቀለም 150 ብር ቢሆን፣ ከ10 ኅትመት አንዱ ቢበላሽ የቀሪዎቹ የእያንዳንዳቸው ወጪ ወደ 167 ብር ያድጋል። ፍሬምና መስታወት 350፣ ኪራይ፣ መብራትና ጉልበት 83 ብር ቢደመር ፎቶው 600 ብር ላይ ይቆማል። በ800 ቢሸጥ ትርፉ 200 ብር ነው። ራሱ የተቆረጠ ወይም የደበዘዘ ሆኖ አንዴ በድጋሚ ቢታተም ግን 150ው ይሄዳል፤ የሚተርፈው 50 ብር ይሆናል። ኅትመቱን በትክክል ማውጣት ከዋጋ ጭማሪ የበለጠ ትርፍ የሚያመጣው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ገዢ

ከቤተሰቡ ሌላ ያለው ገበያ የሆቴል ባለቤቶች፣ የመሥሪያ ቤቶችና የውጭ አገር ነዋሪዎች ነው። እነዚህ የሚፈልጉት የራያን ሜዳ፣ የዞብልን ተራራ፣ የከብት ገበያውንና የልጃገረዶቹን የፀጉር አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአይዳ ሙሉነህ የተመሠረተው አዲስ ፎቶ ፌስት የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ እንደ ሥነ ጥበብ የሚታይበትን መድረክ አስፍቷል። ለዚህ ገዢ ስሌቱ ሌላ ነው። ምስሉ በካሜራ የተነሳ ስለሆነ 40 በ60ን የመሰለ የ2 በ3 መጠን፣ ፒግመንት ቀለምና የጥጥ ወረቀት ወይም ካንቫስ ይጠየቃል። ለዚህ ብሎ ማሽን ከመግዛት ትእዛዝ ሲገኝ አዲስ አበባ አሳትሞ ማስመጣት ይቀላል።

እዚህ ላይ ሕጉን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በሶለል ዕለት የተነሳችን ልጃገረድ ምስል አጎልቶ ለሆቴል መሸጥም ሆነ የሙሽሮችን ፎቶ ለማስታወቂያ መስኮት ላይ መስቀል ከዚህ አንቀጽ ጋር ሊያጋጭ ይችላል። ባለፎቶ ቤቱ ሲያነሳ በጽሑፍ ፈቃድ መቀበልን ልማድ ቢያደርገው ራሱን ይጠብቃል።

ከሁለቱ ገበያዎች በየቀኑ በር የሚያንኳኳው ግን የመጀመሪያው ነው። ይህ ገዢ የምጣኔን ነገር አይጠይቅም፣ የቀለሙን ስም አያውቅም። ፎቶውን በጋቢው ጠቅልሎ ይሄዳል። በዓመቱ ለሌላ ጉዳይ ቆቦ ሲመጣ የልጁ ፊት ግድግዳው ላይ እንደነበረ ካለ የጎረቤቱንም ልጅ ምስል ይዞ ይመጣል። ደብዝዞ ወይም ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን ያንን ፎቶ ቤት አልፎ ይሄዳል፤ ለምን እንዳለፈውም ለባለቤቱ አይነግረውም።